ከአምቦ አዳራሽ እስከ ጌዶ ወፍጮ ቤት፦ የአንድ ካሴት ጉዞ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ አውቶቡስ ተራ

ዘመኑ ሁላችንም ጓድ የነበርንበት ነው። እኔ የጋዜጣ ሪፖርተር ነኝ፤ ማለትም በየአውራጃው እየዞርኩ የኃላፊዎችን ንግግር በቴፕ ቀድቼ፣ ወደ ወረቀት ገልብጬ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል የማቀርብ ሰው። አንድ አንቀጽ የዘለለ ባልደረባዬ በስብሰባ ላይ ግለ ሂስ ካወረደ በኋላ መዝገብ ቤት ተመድቧል፤ እስካሁንም እዚያው ነው።

ዛሬ የተላክሁት አምቦ ነው። የጌዶ የሒሳብ መምህር በኮምፒዩተር የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሠርቷል፣ ለሕዝብም ያሳያል ተብሏል። እኔ ኮምፒዩተር የማውቀው በፎቶግራፍ ነው፤ ሦስት ቁም ሣጥን ያክላል። ያንን ሁሉ በምን ጭነው ከጌዶ እንደሚያመጡት እያሰብኩ፣ በሁለት የበርበሬ ኬሻዎች መሃል ተቀመጥኩ።

ረፋድ፤ ጊንጪ

ሆለታና አዲስ ዓለም በአቧራው ውስጥ አለፉ። ጊንጪ ላይ ሾፌራችን ለቁርስ አቆመ። ደረቅ ዳቦ፣ ስኳሩ ከሻዩ የበለጠ ሻይ፣ በመስኮት የሚገባ የተቀቀለ በቆሎ። ሾፌሩ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ሥዕል የሚሠራ ሰውማ ሞልቷል» አለ ዳቦውን እያላመጠ። «ራዲያተር የሚጠግን ነው ያጣነው።»

እውነቱን ነበር። ከጊንጪ እስከ አምቦ ሦስት ጊዜ ውሃ ልንሞላ ቆመናል።

ቀትር፤ አምቦ

መምህር ፈይሳን አዳራሹ ውስጥ አገኘሁት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በኮቱ ስፌት ውስጥ ዱቄት የቀረ ሰው። ኮምፒዩተሩ የታለ አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን፣ ከመዝገበ ቃላት የማትበልጥ፣ ቁልፎቿ ከጎማ የተሠሩ ጥቁር ዕቃ አሳየኝ። ቀሪውንስ መቼ ያመጡታል ብዬ ጠየቅሁ። ቀሪ የላትም፤ ከቴሌቪዥን ጋር ትያያዛለች፣ በቃ። መንገድ ሲሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄደው ነው።

ሥዕሉ ያለው በአንድ ካሴት ላይ ነው። ካሴቱን በቴፕ ሲያጫውትላት ኮምፒዩተሯ ትሰማለች፣ የሰማችውንም ትሥላለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉንም ትረሳለች። ሁለት ዓመት ሠርቶበታል። አዲስ አበባ የኮምፒዩተር ሥልጠና ተከፍቷል፤ ለመግባት የአውራጃው ኃላፊ የፈረሙበት የድጋፍ ደብዳቤና ራሱ ካሴቱ ለፈታኞቹ መድረስ አለባቸው፤ የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነው።

«ካልሆነ» አለኝ፣ «ጡረታ እስክወጣ ሰባተኛ ክፍልን ክፍልፋይ ሳስተምር መኖሬ ነው።»

ከሰዓት በኋላ፤ እዚያው አዳራሽ

ጓድ ኃላፊው ከቢሯቸው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን አስመጥተዋል። ዝግጅቱን በንግግር ከፈቱ። ከዓለም አቀፍ ሁኔታ ጀመሩ፣ ወደ አፍሪካ ወረዱ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገና አምቦ አልደረሱም። የያዝኩት ካሴት በሁለቱም ፊት አለቀ። መዝገብ ቤት ያለው ባልደረባዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ለመድረክ አስተናባሪው በምልክት ነገርኩት። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ካሴት አንስቶ አመጣልኝ። ቴፔ ውስጥ ከትቼ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት፦ ጺይይይ የሚል ጩኸት ብቻ። የተበላሸ ነው አለኝ። አዎ፣ የተበላሸ ነው አልኩ። መቅጃውን ተጫንኩት። መምህር ፈይሳ በዚያ ሰዓት ውጭ የመብራት ገመድ ሲቀጥል ነበር።

ንግግሩ አልቆ ጭብጨባው ሲያባራ ፈይሳ ካሴቱን ሲፈልግ አየሁት። አስተናባሪው ከእጄ ወስዶ ሰጠው። ያን ጊዜ ገባኝ፦ ጩኸቱ ሥዕሉ ኖሯል፣ እኔም ንግግር ቀድቼበታለሁ። ፈይሳ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ፣ ገመዱን ሰክቶ ማጫወት ጀመረ። በቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች መንቀጥቀጥ ያዙ። ሌላ ምንም የለም። ግራ ቢገባው ገመዱን ከቴፑ ነቀለው፤ «ጓዶች!» የሚለው የኃላፊው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። መልሶ ሰካው፤ መስመሮቹ ተንቀጠቀጡ።

ጓድ ኃላፊው ከወንበራቸው ተነሱ። «ይህ የእኔ ድምፅ ነው!» አሉ። «ድምፄን በቀለም ሳለው!» እሳቸው ሲያጨበጭቡ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። ደብዳቤውንም እዚያው ፈረሙ።

ፈይሳ ደብዳቤውን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሄጄ ነገርኩት። ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ግን ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በጣም አፈርኩ።

ዓርብ፤ ጌዶ

ንጋት ላይ በጭነት መኪና አብሬው ሄድኩ። ጉደርን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሥዕሉን የሚሠሩት ቁጥሮች በሙሉ በሁለት ባለ ካሬ ደብተሮች ላይ ተጽፈዋል። አንድ ሰው ቢያነብለት ይተይባቸዋል።

በጌዶ እሱ ሊጠቀምበት የሚችል መብራት ያለው የኦቦ ዲሪባ ወፍጮ ቤት ነው። የወፍጮው ሞተር ዲናሞ ያዞራል፣ ዲናሞው የኦቦ ዲሪባን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያበራል። ስለዚህ ታላቁ የኮምፒዩተር ጥበብ የተወለደው ጤፍና በቆሎ ሲፈጭ ነው። ወፍጮው ከቆመ ኮምፒዩተሯ ሁሉን ትረሳለች። ኦቦ ዲሪባ ጉዳዩን ሲሰሙ አስፈጪዎቹን ለመኑ፦ እህላችሁን በተከታታይ አምጡ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ። ሴቶቹ ጎረቤት ጠሩ፣ ጎረቤት ጎረቤት ጠራ።

እኔ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮህኩ ቁጥር አነበብኩ። ዜሮ፣ ስድሳ ሁለት፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አንድ ቃል ላለማጉደል ተጠንቅቄ አላውቅም።

የመጨረሻውን ቁልፍ ሲጫን ከቴሌቪዥኑ መስታወት ግርጌ ትንንሽ አረፋዎች ብቅ አሉ። ተነሱ፣ እየተለቁ ወጡ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ፈነዱ፤ ከፈነዱበትም አንድ ሉል ወጥቶ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ወፍጮው ሲንቀጠቀጥ ሉሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። በሰልፉ ላይ ያሉ አንዲት እናት ማዳበሪያቸውን አስቀምጠው ቀረብ አሉ።

«ኩን ቢሻን አምቦቲ» አሉ። የአምቦ ውሃ ነው ማለታቸው ነው።

ፈይሳ ያን ጊዜ ሳቀ። እኔ ዓይኔን የጠረግሁት ዱቄት ገብቶበት አይደለም።

ሥዕሉን ማስቀመጫ ካሴት ያስፈልግ ነበር። ጌዶ ውስጥ ባዶ ካሴት የለም። ያለው ያው የጓድ ኃላፊው ንግግር የተቀዳበት የፈይሳ ካሴት ነው። ፈይሳ እኔን አየ። እኔም መቅጃውን ራሴ ተጫንኩት፤ ከአፍሪካ እስከ አምቦ የነበረው ሁሉ ጩኸት ሆነ።

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ፤ አዲስ አበባ

ፈይሳ የሰጠኝን ካሴትና ደብዳቤ ይዤ ቅዳሜ ተመለስኩ፤ ሰኞ ጠዋት ለፈታኞቹ አስረክቤ ወደ ቢሮ ሄድኩ። የጠፋውን ንግግር ግማሽ ከየት ላመጣ ነው? በመጋቢት የሌላ አውራጃ ኃላፊ የተናገሩትን አወጣሁ፤ የከተማውን ስም ወደ አምቦ ቀይሬ ቀጠልኩበት። ንግግሩ በሳምንቱ ወጣ። በዚያው ሰሞን ፈታኞቹ ፈይሳን ተቀበሉት።

ጓድ ኃላፊው ከአምቦ ስልክ ደወሉ።

«ጓድ፣ ላመሰግንህ ነው» አሉ። «አንድ ቃል አላጎደልክም።»

ስለ መምህሩም ጠየቁኝ። ፈታኞቹ ካሴቱን አይተው በጣም አደነቁት አልኳቸው።

«ይገባዋል» አሉ። «ቁርጥ ድምፄን ነው የሳለው።»