ሽቅቡ ላይ የፈላው ሞተር

አክስት ሆንኩ! ዛሬ ጠዋት አባቴ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ገና ከበሩ ሳይገባ «ምን ይገትርሻል? አክስት ሆነሻል እኮ!» አለኝ። ወንድ ልጅ ነው። እህቴም ደህና ናት፤ አጥሚት ጠጥታ ተኝታለች። እልል ብዬ ግቢውን ዞርኩት፤ ከዚያ እጄ አላስቀምጥ ሲለኝ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ትናንት ግን እንኳን ልጽፍ፣ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ነበር።

አባቴ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና አለው። በገበያ ቀን ከሶዶ እህልና ሰው ይጭንበታል፤ በሌላው ቀን መኪናው የሞተሩን ክዳን፣ ኮፋኖውን፣ ከፍቶ ግቢያችን ይውላል። እኔ ከአጠገቡ ስለማልጠፋ፣ የሞተር ሕመም በምልክቱ እንዴት እንደሚለይ ያስተማረው እኔን ነው። ጥቁር ጭስ ካወጣ ቤንዚን በዝቶበታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጩ ጭስ አላባራ ካለ ግን ውሃው መግባት የሌለበት ቦታ ገብቷልና ወዮልሽ! ጠዋት አልነሳም ቢልሽ አትሳደቢ፣ መጀመሪያ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ እዪ። እናቴ «ዘይት ዘይት የምትሸት ልጅ ማን ያገባታል?» ትላለች። እኔ እሷ ስትል እሰማለሁ፣ ጆሮዬ ግን ሞተሩ ላይ ነው።

ትናንት ረፋድ ላይ የእህቴ ባል ከሻንቶ ማዶ ካለው መንደራቸው በበቅሎ እየጋለበ ደረሰ። እህቴ ካማጠች ውላ አድራለች፤ የመንደሩ አዋላጅም «ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት» ብላለች። አባቴ የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ ተነሳ። እናቴ ኋላ ወጣች። አባቴ እኔንም «ነይ፣ ዕቃ የምታቀብለኝ አንቺ ነሽ» አለኝ። መንደራቸው ደርሰን መኪናው ላይ ገለባ አንጥፈን አስተኛናት፤ ራሷን እናቴ ጭን ላይ አድርጋ ወደ ሶዶ ተመለስን።

በመንገዱ ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። ዝናብ ሲዘንብ እስከ ጎማው ግማሽ ይሞላል። እዚያ ሲደርስ ሾፌር ሁሉ ኮባ የሚሉትን የእንሰት ቅጠል ያስቆርጥና ከፊት ፍርግርጉ ኋላ፣ ራዲያተሩ ላይ ይወትፋል፤ ማራገቢያው ውሃ ረጭቶ ሞተሩን እንዳያጠፋው ነው። የእህቴ ባል ገበሬ ነው። መኪና አያውቅም፤ ግን የሚሠራው ነገር በማግኘቱ እፎይ ብሎ ቅጠሉን እያጣጠፈ ጠቀጠቀው። ተሻገርን። ልክ ስንወጣ እህቴ ጮኸች፤ አባቴ ሳይቆም ነዳው።

የዳሞታ ተራራ ከፊታችን እያለ ሽቅቡን ጀመርን፤ ሞተሩ ፈላ። ከኮፋኖው ሥር እንፋሎቱ ሽሽ አለ። አቆምን። አባቴ እጁን በጆንያ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ከመንደር ገበያ የሚመለሱ ሰዎች በቅል ውሃ አመጡልን፤ ሞላን፣ ተነሳን። ኩርባውን ሳንጨርስ እንደገና ፈላ።

«ቺንጋው?» አለኝ አባቴ። የማራገቢያውን ቀበቶ ነካሁት። ጠብቋል።

«ቧንቧው?»

«አያንጠባጥብም።»

የዘይት መለኪያውን መዘዝኩት። ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ወተት አልመሰለም፤ ስለዚህ ውሃውን ከዘይቱ የሚለየው ጋርኒሶን አልተቃጠለም። ጭሱም ነጭ አይደለም። የማውቀው እዚህ ላይ አለቀ። ቀና ብዬ አባቴን ሳየው የእሱም አልቋል።

የእህቴ ባል ጎንበስ ብሎ አየና «አባባ፣ በሬ እንዲህ ሲያለከልክ ጆሮውን በጣ አድርገን ደም እናፈስለታለን» አለ።

«ጆሮው የት ነው? አሳየኝና ልብጣው!» አለው አባቴ።

እህቴ ከኋላ ሳቀች። ያ ሳቅ መሐል ላይ ወደ ጩኸት ተለወጠ።

አንዲት አሮጊት «ኧረ ተሸከሟት! ብረት ትለምናላችሁ?» ብለው ተቆጡ። አባቴ «በቃሬዛ ሶዶ እስክትደርስ ትቆይልኛለች ብለው ነው?» አላቸው። እኔ የጭስ ቀለም እለያለሁ፤ የእህቴን ማቃሰት ግን የትኛው ደህና፣ የትኛው ክፉ እንደሆነ አላውቅም። ጣሳ ይዤ ቆምኩ። ከመቆም በቀር ምን ላድርግ?

ያን ጊዜ እህቴ እናታችንን በቋንቋችን ጠርታ፣ «አዬ፣ የቆጮ ቂጣ ይሸተኛል» አለች።

«ቀበዠረች! ጌታዬ፣ ልጄ ቀበዠረች!» እናቴ አለቀሰች። አባቴ ፊቱን አዞረ። እኔም እንዳያዩኝ ጣሳዬን ይዤ ወደ መኪናው ፊት ሄድኩ።

እዚያ እኔንም ሸተተኝ። በኮባ ተጠቅልሎ እሳት ላይ የዋለ ቂጣ፣ ያው ራሱ! ግራ ቀኙን አየሁ። ቤት የለም፣ የቤት ጭስም የለም።

«አባባ፣ እኔንም ይሸተኛል!»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች እናቴ።

አባቴ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ እየሮጠ መጥቶ እጁን ከፍርግርጉ ኋላ ሰደደ። የተቀቀለ፣ እየጨሰ ያለ የእንሰት ቅጠል ጎትቶ አወጣ። ወንዙን እንደተሻገርን መንቀል ሲገባን ረስተነው፣ ለካስ ሞተሩን ንፋስ ከልክለነው ኖሯል! የእህቴ ባል ራሱን ይዞ «ገደልኳት» አለ። አባቴ «ዝም በል፣ ሾፌሩ እኔ ነኝ። ጎትት!» አለው። ገበያተኛው ሁሉ ተረባርቦ ቅጠሉን ለቀመው፤ ውሃ ሞላን፤ አባቴ የማስነሻውን ብረት፣ ማኖቤላውን፣ ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ አልፈላም። እኔ ግን አልተረጋጋሁም። ሞተሩ ሲያገግም ድምፁ በረታ፤ ከኋላ እህቴን መስማት አቃተኝ። ትቃስት፣ ትተኛ፣ ምን አውቃለሁ? እስክንደርስ ድረስ በሕይወቴ እንደዚያ የጠላሁት ደህና ሞተር የለም። ሐኪም ቤት አስገቧት፤ በሩ ተዘጋ፤ እናቴ እዚያ ቀረች፤ እኔን ወደ ቤት ላኩኝ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤታችን ገንፎ አለ። እናቴ «ውሃ ያመጡልንን ሰዎች ማንነታቸውን እንኳ አልጠየቅን፤ እንዴት ብለን እንጥራቸው?» ብላ ከሐኪም ቤት በአባቴ ስትልክብኝ፣ «እኔ እጽፈዋለሁ» አልኩት። ይኸው ጻፍኩ። ያን ዕለት ሽቅቡ ላይ የነበራችሁ ኑ፤ አሮጊቷም ይምጡ። ያልነበራችሁም ይህን ካነበባችሁ ኑና ልጁን እዩልን። ቤታችን ከገበያው ከፍ ብሎ ነው፤ ኮፋኖው የተከፈተ መኪና ካያችሁ ደርሳችኋል። ቅቤው ብዙ ነው።