ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

ዝናብ ሊጥል ሲል ከሲሚንቶ ወለል የሚነሳው የእርጥበት ሽታ በመጣብኝ ቁጥር፣ ሚዛን ተፈሪ እማዬ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍልና ውስጧ የነበረው ሰርቨር ትዝ ይለኛል። እማዬ የባዮሎጂ መምህርት፣ አባዬ የቡና መጋዘን ሠራተኛ ነበሩ። አባዬ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጠ፣ የእማዬ ባልደረቦች ቤታችን ሲመጡ ሰላምታ ሰጥቶ፣ አጥር የሚጠግን መስሎ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። ከሰፈሩ ሁሉ የእኛ አጥር የጠነከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰርቨሩ፣ ማለትም የሁሉም ጽሑፍ የሚከማችበት ኮምፒውተር፣ የመጣው በበጋ፣ ቡና በየደጁ በሚሰጣበት ሰሞን ነበር። እማዬ እንዳስረዳችኝ፣ አንድ መምህር ያዘጋጀውን ማስታወሻ እዚያ ላይ ሲያስቀምጥ፣ የቴፒና የማሻ መምህራን በስልክ መስመር እየገቡ ይወስዱታል፤ መስመር ያልደረሳት የቱም ከተማ ደግሞ ባዶ ዲስኬት በአውቶብስ ትልካለች፣ ተሞልቶ ይመለስላታል። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ዴስክ በማይደርስበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እማዬም በጋውን ሙሉ፣ ከክፍል በኋላ እየተቀመጠች፣ በሁለት ጣቷ የአሥረኛ ክፍልን ባዮሎጂ ከዳር እስከ ዳር ጻፈችው። ማሽኑን እንደ ዓይኗ ብሌን ስለምታየው፣ ሥራ ስታበቃ አጥፍታ፣ በላስቲክ ሸፍና፣ በላዩ ላይ ለቴሌቪዥናችን የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ታለብሰው ነበር። ቴሌቪዥናችን ራቁቱን ቀረ።

መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ የቡናው አበባ ፈነዳ፣ ከዚያ ወዲያ ዝናቡ አላባራም። ሚያዝያ ሲጋመስ ማሽኑ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይል ጀመር፤ ግንቦት ሲገባ ጭራሽ ዝም አለ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፣ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ገና ማንም አልወሰዳቸውም፣ ከማሻ እየደወሉ ይጠይቃሉ፣ የቱም ዲስኬት ባዶውን ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጧል። እማዬ ሌላ ግልባጭ አልነበራትም። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «መምህርት፣ ንብረቱ በእኔ ስም ነው የተመዘገበው። እስከ ሰኞ ካልተነሳ ወደ መጣበት እመልሰዋለሁ» አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ጃንጥላዋን ረስታ ስለሄደች፣ አባዬ ሊያደርስላት እኔን አስከትሎ ሄደ። ርዕሰ መምህሩም እዚያው ነበሩ። አባዬ እንደ ልማዱ በር ላይ ቀረ፤ ዳንቴሉን ሲያይ ግን ገባ። ላስቲኩን ገልጦ በውስጥ በኩል መዳፉን አሳለፈና፣ የረጠበ እጁን አሳየን።

«አስካለ፣ አትቀየሚኝ፤ የጎዳው ይሄ ነው» አለ። «ሞቆ ሳለ ሲታፈን ያልበዋል። ቡናም ላስቲክ ካለበስሽው ይሻግታል። ደግሞ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም፣ ግድግዳም አይደገፍም።»

የእማዬ ፊት ቀላ። ርዕሰ መምህሩ «ታዲያ ምን ይሻላል፣ አቶ በየነ?» ብለው ጠየቁት።

«እንደ ቡና እናድርቀዋ።»

ሙያ በልብ ነው። አባዬ ከመጋዘኑ ጣውላ አምጥቶ ማሽኑን ከወለሉም ከግድግዳውም አራቀው፣ እማዬ ክዳኑን ፈታችለት፣ አጠገቡ አንድ አምፖል አበሩ። ፀሐይ ብቅ ስትል መስኮቱን እየከፈተ፣ ደመና ሲመጣ እየዘጋ፣ ሁለቱን ቀን እንደ አራስ ጠበቀው፤ እሁድ ቀርቶ የማያውቀው ሰው ከቸርች ቀረ። ጥሬ ቡና በሲኒ አድርጎ ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠና «ፍሬው ጥርስ የሚያስገባ ከሆነ ክፍሉ አልደረቀምና እንዳትነኩት» አለን። ሰኞ ጠዋት አንዷን ፍሬ ነከሰ፣ ጥርሱ አልገባም። ለእማዬ ራሱን ነቀነቀላት፣ እሷም ቁልፉን ተጫነችው። ማሽኑ ተንጎራጉሮ ተነሳ፤ እማዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በዚያው ቀን ምዕራፎቹ ቴፒና ማሻ ገቡ፣ የቱም ዲስኬትም በማግስቱ አውቶብስ ሄደ።

እማዬ ከመላኳ በፊት ግን በየገጹ ግርጌ «አዘጋጆች፦ አስካለና በየነ» ብላ ጽፋ ነበር። አባዬ «ኧረ ሰው ይስቅብኛል» ሲላት፣ «ይሳቅ» አለችው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓሮ መውጣቱን ተወ፣ አጥራችንም ቀስ በቀስ ዘመም አለ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ኮርቼ አላውቅም።

ዛሬ ልጄ የፈለገውን ትምህርት ስልኩ ላይ ጠቅ አድርጎ ያገኛል፤ ደስ ይለኛል፣ ግን ያ ሁሉ ገጽ የት ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሚጠብቀው አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ያኔ እናውቅ ነበር። በቀደም ጅማ ልጄን ያከመው ሐኪም የቱም ልጅ ነው። በልጄ ካርድ ላይ ከእኔ ስም ቀጥሎ የአባቴን አይቶ፣ የእናቴንም ጠይቆኝ፣ «የሚዛኑ መምህር በየነ? ባዮሎጂ ያስተማሩኝ እኮ እሳቸውና መምህርት አስካለ ናቸው» አለኝ።

ለአባዬ ደውዬ ነገርኩት።

«ታዲያ አንቺ ምን አልሽው?»

«አዎ፣ እሱ ነው አልኩት።»