ስም ያልተጻፈበት ቦንድ

በንጉሡ ዘመን ጎንደር ፒያሳ ከሚገኝ ባንክ ተቀጥሬ ሁለተኛ ክረምቴን ይዤ ነበር። ሥራዬ የመንግሥት ቦንዶችን መመዝገብና ወለዳቸውን መክፈል ነው። ቦንዶቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ነው። ሌላው ግን ስም የለውም፤ ይዞት ለመጣ ሰው ሁሉ ይከፈላል።

አንድ ረፋድ ላይ ጋቢያቸው በዝናብ የራሰ የዳባት ሽማግሌ ከአንድ ነጋዴ ጋር ገቡ። ነጋዴው ሥራ አስኪያጃችን ከወንበሩ ተነሥቶ የሚቀበለው ደንበኛ ነው።

«እኒህ አያ ቦንዳቸውን ሊሸጡልኝ ነው። ሰባት መቶ ብር ከሂሳቤ አውጣላቸው» አለኝ።

ቦንዱ የአንድ ሺህ ብር መሆኑን ከነጋዴው ስሰማ ወደ ሽማግሌው ዞርሁ።

«አያ፣ ምነው ሊሸጡት ፈለጉ?»

«ባለቤቴ ታማብኝ ነው፣ ልጄ። ሐኪሙ ሳትውል ሳታድር አሥመራ አድርሳት አለኝ። ማኪናው ነገ ጧት ይነሣል።»

«ወረቀቱስ?»

«እሳቸው ይዘውልኛል።»

ነጋዴው ቦርሳውን በክንዱ ጠበቅ አደረገ። ስም የሌለበት ዓይነት መሆኑን ነገረኝ። ሽማግሌው ገና አንድ ብር አልተቀበሉም። ሰውየው ቦርሳውን ይዞ ቢወጣ ግን የእርሳቸው ነው ብሎ የሚመሰክር አንድም ፊደል የለም።

«ጌታዬ፣ ቁጥሩን ሳልመዘግብ ብር ማውጣት አልችልም» አልሁት። ውሸቴን ነበር።

ትኩር ብሎ አየኝና ወረቀቱን አውጥቶ አስቀመጠ። ወዲያው መዳፌን ጫንሁበት።

«አያ፣ ለምን ሰባት መቶ ብቻ እንደሆነ ነገሩዎት?»

«ወረቀቱ አርጅቷል፤ ዋጋው ወድቋል አሉኝ።»

«መውደቁ እውነት ነው። የእርስዎ በዓመት አምሳ ብር ይወልዳል፤ ዘንድሮ የወጣው ግን ሰባ። ስለዚህ የእርስዎን በሙሉ ሺህ ብር የሚገዛ የለም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ሺሁን ሳያጎድል ይከፍላል። የሚጎድለው የሁለት ዓመቱ የወለድ ልዩነት ነው፤ እሱም አርባ ብር ቢሆን ነው።»

ከአዲስ አበባ ገበያ በፖስታ የመጣውን የዋጋ ዝርዝር አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም ነበርና ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ ዘጠኝ መቶ ስድሳ።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጣ። «ምን እየሆነ ነው?»

«ይህ ልጅ ሥራዬን እያበላሸ ነው!» አለ ነጋዴው። «ይሁን፣ ዘጠኝ መቶ እከፍላለሁ። ወረቀቱን ስጠኝ።»

እጄን አላነሣሁም። ሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን አየ፣ እኔን አየ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወረቀቱን ከመዳፌ ሥር ሳቡት። «ቅድም ሰባት መቶ ነው ብለው በማርያም ምለውልኛል» አሉት ነጋዴውን። «ለእርስዎስ አልሸጥም።»

ወረፋ ይጠብቅ የነበረ አንድ መምህር ገንዘቡን ሊያስቀምጥ መጥቶ ነበር። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበበና ቦንዱን በዘጠኝ መቶ ስድሳ ገዛ። ሽማግሌው ብሩን በመቀነታቸው ቋጥረው «ሸጋ ልጅ ነህ» ብለውኝ ወጡ። በማግስቱ ባልና ሚስቱ አሥመራ መሄዳቸውን ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወሬያቸው አልደረሰኝም።

ነጋዴው በዚያው ሳምንት ሂሳቡን ዘጋ። እኔም ከቦንድ ክፍል ተነሥቼ ሳንቲም ቆጣሪ ሆንሁ። ሥራ አስኪያጁ ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።