ጨርቁን ብቻ

ትናንት፣ በምሠራበት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ ሕፃኗን እኛ ጋ ትታ ወደ ቤቷ የምትሄድን እናት ነጠላዋን ትታልኝ እንድትሄድ ለመንኳት። የነጠላው የወተት ጠረን አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ወደነበረው የአባቴ ልብስ ስፌት ቤት መለሰኝ።

ልጅ ሳለሁ እዚያ ተቃቅፈው የሚያድሩ ሁለት የጥንቸል ግልገሎች ነበሩኝ። አባቴ አንዷን በከተማው ምሥራቅ በኩል ለምትኖረው አክስቴ ሲሰጣት፣ የቀረችው ጎመን እንኳ አልቀምስ አለች።

«የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው» አለኝ አባቴ።

አክስቴ ጋ ሄጄ የሰጠናት ጥንቸል የተኛችበትን ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ለምኜ አመጣሁ። የእኔዋ አፍንጫዋን ቀብራበት ቆየችና ጎመኗን በላች።

አባቴ ለደንበኞቹ «ሰፊው እኔ፣ ጨርቅ የምታውቀው እሷ» እያለ ሲኩራራ፣ ልብስ ሰፊ ሊያደርገኝ ያሰበ መስሎኝ ነበር።

ትናንትም የእናቲቱን ነጠላ ከሚያለቅሰው ሕፃኗ አጠገብ አኖርኩት። ዝም አለ። አባቴ ይህን ቢያይ ለስንቱ ደንበኛ ባወራው።