የዲጋ ሽማግሌዎች አሻራ

ነቀምቴ የመንገድ ሥራ ቢሮ የገባሁ ቀን ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ያየው ፊቴን ሳይሆን ምስክር ወረቀቴን ነው። ቡልጋሪያ የስድስት ወር የፕሮጀክት አመራር ትምህርት ጨርሼ መምጣቴ ነበር። እዚያ መምህራችን ወረቀቱን ኮሪደር ላይ እንደ ዳቦ አድሎን «በሉ፣ አሁን ሄዳችሁ ሥራ ተማሩ» ብሎ ነበር የሸኘን። እዚህ ግን ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሣ። «ጓድ፣ ይሄማ መስተዋት ይገባዋል!» አለ።

ግድግዳው ላይ ከሞስኮ ያመጣው የራሱ ወረቀት ተሰቅሏል። የእኔም ከጎኑ ተሰቀለ። አሜሪካ የተማረ መሐንዲስም ነበረን፤ የእሱ ወረቀት ቦታው ከበሩ ኋላ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩ ተከፍቶ ይቆያል።

ያኔ ዲጋ መንገድ ላይ አንድ ድልድይ ይሠራ ነበር። ፎርማኑ ኦቦ ገመቹ ሃያ ዓመት አርማታ የሞሉ፣ ግድግዳ መጣመሙን ቱምቢ ሳይጥሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ወረቀት ግን የላቸውም። «ምስክር ወረቀት የሌለው ሥራ አይመራም» የሚል መመሪያ መጣና እኔ አለቃ፣ እሳቸው የእኔ ሠራተኛ ሆኑ። እኔ ድልድይ ተሻግሬ እንጂ ሠርቼ አላውቅም።

በባለቀለም እርሳስ የሥራ ሰሌዳ ነደፍኩ። የድልድዩ መሠረት ሰኔ ላይ ይሞላል ይላል። ኦቦ ገመቹ ትክ ብለው አዩት።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሁሉም አለበት። ክረምቱ ብቻ የለበትም።»

«ለመስከረም በዓል ይመረቅ ተብሏል፤ ክረምቱን የት ልጨምረው?»

«አንተ ባትጨምረው ወንዙ ይጨምረዋል። ይቅርብህ፣ ጥቅምትን እንጠብቅ።»

አልጠበቅንም። ጣውላ መትተን፣ ፈሮ አስረን፣ አርማታ ሞላን። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ሞልቶ መጣና ጠራርጎ ወሰደው።

ግምገማ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳዬን ከፍ አድርጎ «ዕቅዱን ያወጣው ባለ ምስክር ወረቀት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የአፈጻጸም ነው» አለ። ቀጥሎም «አሻጥር» የምትለዋን ቃል በኦቦ ገመቹ ላይ ጣላት። በዚያ ዘመን ያቺ ቃል የወደቀችበት ሰው ቤቱ አያድርም። ኦቦ ገመቹ ወደ እኔ አዩ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ወይ ነዶ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጉዳዩ ሳይወሰን ቡልጋሪያዊ አማካሪ ሊመረምር መጣ። ቋንቋውን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሥራ አስኪያጁ ግድግዳውን አስጎበኘው። ሰውዬው ወረቀቴን አይቶ ሣቀ። «እኛ ዘንድ ይሄ የሚቀመጠው መሳቢያ ውስጥ ነው። ለመሆኑ ስንት ድልድይ ሠራህ?» አለኝ።

«ምን አለ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ወረቀቱን አደነቀ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ስንት ድልድይ ሠራህ ነው የሚለኝ» አልኩ። «አንድም አልሠራሁ። በክረምት አትሙላ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ።» ይህንኑ ለአማካሪው በቋንቋው ደገምኩለት።

«እንግዲያው እሳቸው ይምሩት» አለ አማካሪው።

«ማስረጃ የላቸውማ!» ሥራ አስኪያጁ ጮኸ።

«የሚያውቃቸው ሰውስ የለም?»

የሚያውቃቸውማ ሞልቷል። በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ከዲጋ መጡ። ተራ በተራ ተነሥተው ኦቦ ገመቹ ከሠሯቸው ድልድዮች በየትኛው እንደተሻገሩ፣ ሙሽራ አጅበው ይሁን አስከሬን ይዘው፣ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። እኔ በታይፕ መታሁት፤ እነሱ አሻራቸውን አኖሩበት፤ ማኅተም አረፈበት። ያቺ ቃልም ተነሣች። ኦቦ ገመቹ ፎርማንነታቸው ተመለሰላቸው፤ ድልድዩም በበጋ አለቀ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ነገሩን ወደደው። «ማንኛውም የሥራ መሪ ሥራውን የሚመሰክሩ የሦስት ሽማግሌዎች አሻራ ያቅርብ» የሚል ሰርኩላር መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ኪሎ የቀበሌ ስኳር ይዞ ዲጋ ወረደ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ስኳሩን መለሱለት። «ጓድ፣ ክፉ ሰው አይደለህም። ግን በምንህ ተሻግረን እንመስክር?» አሉት።

ቢቸግረው ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄደ። እሳቸውም ሳይስቁ «ነገ ጠዋት ይምጡ፤ አካፋ አለን» አሉት። መጣ። ሁለት ቀን ዝቆ ዝውውር ጠየቀ።

እኔ ወረቀቴን አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ኦቦ ገመቹ የመሰከሩልኝ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ለአንድ የውሃ ማፍሰሻ ቱቦ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሰው ስቀጥር ምስክር ወረቀቱን አነብብ ነበር፤ ከዚያ በሠራው ላይ የተሻገረ ሰው ፈልጌ እጠይቅ ነበር።