ቁልፍ የሌለው መስኮት

ማንበብ የተማርኩት ልጄ ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ ነው። ለእውቀት ብዬ አይደለም። እዚያ ድምፅ መላክ አትችልም፤ አሠሪዋ ስትናገር ከሰማቻት ስልኩን ትነጥቃታለች። ስለዚህ ትጽፋለች። ጽሑፉን ለጎረቤት ሳስነብብ የልጄ ገመና የሐይቅ ከተማ ወሬ ሆነ። ጸጉሬ ሸብቶ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ።

ከአምባሰል ወርደን ስንከራይ ኖረን የምንገባበትን ቤት ያቆመው የእሷ ላብ ነው። ጣሪያው ለበሰ፣ መስኮት ቀረ። ሚስቴ እንደ ሰዉ ሰማያዊ መስታወት ያለው አሉሚኒየም ካልሆነ አለች። በሰፈራችን ዓረብ አገር ልጅ ያለው ሁሉ ያንን ነው የሚያስገባው። ከውጭ ስታየው የራስህን ፊት ይመልስልሃል እንጂ ውስጥ ማን እንደሚያለቅስ አያሳይህም። እኔ ግን ፎቶውን ለልጄ ላክሁላት። ቆይታ መለሰች፤ ፊደል በፊደል አነበብኩት።

«አባየ፣ ቀለሙን እንደወደዳችሁ። የኔ ክፍል መስኮት ወደ ሐይቁ ይሁን። ቁልፍ ግን አይኑረው።»

ንባቤን ስለማላምነው ደገምኩት። ቃሉ ያው ነው።

አሉሚኒየም ሠሪው የወልድያ መንገድ ዳር ነው። እጀታዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈልኝ።

«ባለቁልፉን ይውሰዱ አባባ። ሰው ሁሉ ይሄን ነው የሚወስድ።»

«ቁልፍ የሌለውን ስጠኝ።»

«ምነው፣ ሌባ ሊጋብዙ ነው?»

«ልጄ አልፈልግም ብላለች።»

«ወላሂ እነዚህ ልጆች! እዚያ ሲቀመጡ ሌባ የሚባል ነገር ይረሳሉ።»

«እሷ ባለችበት ቤት ሌባው ውጭ አይደለም» አልኩት።

ሳቁን ዋጠ። ያልኩትን አመጣ።

ሚስቴ ስታየው ጮኸች። «አንተ ሰውየ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ሰውማ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል!» አልኳት። ተገጠመ።

አዲሱ ቤት ከገባን በኋላ ልጄ ከዓረብ አገር መጣች። ከደሴ ሚኒባስ ስትወርድ በእጇ የያዘችው አንዲት ፌስታል ብቻ ነው። አዲሱን ቤት ዞራ አላየችም። ቀጥታ ክፍሏ ገብታ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ሐይቁን አላየችውም፤ የምታየው እጀታውን ነበር። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ያለችውን አንብቤ ያለችውን አደረግኩላት ብዬ።

በእኛ ሰፈር ጎረቤት በር አያንኳኳም። መስኮት ገፋ አድርጎ አንገቱን ያስገባና «አሰላሙ አለይኩም!» ይላል። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን እንኳን ደህና መጣሽ ሊላት መጣ። ገርበብ ያለውን መስኮቷን ገፋና እንድትስመው እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ።

ጩኸቷን መንገድ ላይ የቆሙት ባለባጃጆች ሁሉ ሰሙት። ሽማግሌው «አዑዙ ቢላህ! ምን አደረግኳት?» እያለ ከመስኮቱ ሸሸ። እሷን ከአልጋው ሥር ነው ያወጣናት። እናቷ ውሃ ስትሰጣት ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም።

ጠጥታ ስታበቃ «አባየ፣ ቁልፍ አስገባልኝ» አለች።

«አይኑረው ብለሽ አልነበረም?»

«እዚያ ቁልፉ እነሱ ጋ ስለነበረ ነው።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም። መልሱን የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም።

ወደ ሠሪው ተመለስኩ። ገና ሲያየኝ ጥርሱ ታየ። «አላልኩዎትም አባባ?»

«ስጠኝና ዝም በል» አልኩት።

አሁን ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው። መስኮቱ አይከፈትም። እናቷ ክፍሉ ይናፈስ ብላ ስትለምናት «እኔ እከፍተዋለሁ» ትላለች፤ አትከፍተውም። እኔም አንድ ቀን ቁልፉን እንድትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁላት። ቁልፉን በመዳፏ ሸፍና፣ እጄን እንደዚያ ሽማግሌ እጅ እያየች፣ ግድግዳው እስኪይዛት ወደ ኋላ ሄደች።

ወጥቼ በሐይቁ በኩል ዞርኩና መስታወቱ ፊት ቆምኩ። የታየኝ የራሴ ሽበት ነው።