ደራሲው የፈረዱባት መበለት

የባሌ አክስት ኒስታሪኒ በዘጠኝ ዓመቷ ተድራ በአሥራ አንድ ዓመቷ ባሏ ሞተባት። መልኩን እንኳ በቅጡ አታስታውሰውም፤ «ጆሮው ትልቅ ነበር መሰለኝ» ትላለች። ጆሮው ትልቅ ለነበረ ልጅ ስትል አርባ ዓመት የመበለት ነጭ ልብስ ለብሳ፣ በቀን አንዴ እየበላች፣ ለመበለት ክልክል ነውና ዓሣ ሳትቀምስ በወንድሟ ቤት ኖረች። ያውም በሕንድ፣ በቤንጋል፣ በጃላንጊ ወንዝ ዳር፣ ምሳ ያለ ዓሣ ምሳ በማይባልበት አገር።

ቤቱን የሚገዙት አማቴ ኪሮዳ፣ የወንድሟ ሚስት ነበሩ። ኪሮዳ ሰው አያምኑም፤ ወተቱን ለክተው፣ ዓሣውን ቆጥረው ነው የሚያስቀምጡት። አንድ ቀን ሰባት ዓሣ በሰናፍጭ ሠርተው ሲመለሱ ስድስት አገኙ። ድመቷ ተገረፈች፤ ነገሩም አለቀ።

አላለቀም ለካ። በሦስተኛው ሳምንት ወርኃዊው መጽሔት መጣ። ከቤቱ ሴቶች ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። የምንወደው የሐሪናት ሻንያልን ተከታታይ ታሪክ ነበር። ሰውየው ቀን ቀን እንግሊዞች የሾሟቸው ዳኛ ናቸው፤ ከሥራ ሲወጡ ደራሲ። በዚያ ወር ክፍል፣ በወንድሟ ቤት የምትኖር አንዲት መበለት ከበረቱ ኋላ ተደብቃ ዓሣ በላች ተብላ ተከሰሰች።

ኪሮዳ ኒስታሪኒን ብቻ አዩዋት።

«እማማ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው» አልኳቸው ብቻችንን ስንሆን።

«ሰውየው ዳኛ አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ታዲያ ዳኛ ያላጣራውን ይጽፋል? አምና እዚህ ወንዝ ዳር ለችሎት ድንኳን ተክለው ሁለት ቀን አልሰነበቱም? ሰው ነግሯቸዋል!»

«በወንድሟ ቤት የምትኖር መበለት በቤንጋል ስንት ሺህ አለች!»

«የስንቷ ቤት ዓሣ ጠፋ?»

ይባስ ብሎ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ።

ፍርዱ ለሚቀጥለው ወር እትም ተቀጠረ። እስከዚያ ኪሮዳ «ነይ እስቲ፣ ጠጋ በይ» እያሉ የኒስታሪኒን ትንፋሽ ያሸታሉ፤ አጥንት ይገኝ እንደሆን ብለው አመዱን በእንጨት ይጭራሉ። ጥፋተኛ ሆና ከተገኘች ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ወደ ካሺ ከሚሄዱ ተሳላሚዎች ጋር በጀልባ ልትላክ ነው። እዚያ የተላኩ መበለቶች በየቤተ መቅደሱ ደጅ እየለመኑ ሞታቸውን እንደሚጠብቁ ሁላችንም እናውቃለን። ኒስታሪኒ ምን ተፈጠረ ብላ አልጠየቀችም። ዱባዋን መላጧን ቀጠለች። ዝምታዋ ደግሞ አንጀቴን አሳረረው፤ ንጹሕ ሰው እንዴት አይጮህም?

መጽሔቱን ከፖስተኛው ተቀብዬ ከቤታችን ጀርባ ባለው ኩሬ ደረጃ ላይ ብቻዬን አነበብኩት። የታሪኩ መጨረሻ ነበር። መበለቷ «በላሁ» ብላ አመነች፤ ከዚያ ወንዝ ገባች። አጻጻፉ እንዴት ያምራል! እንባዬ ወረደ። ወዲያው ግን በሰውየው ተናደድኩ። የእሳቸው ሴት በሁለት መስመር ሞታ አረፈች፤ የእኛዋ ካሺ ደጅ ላይ ስንት ዓመት ልትሞት ነው?

ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ገጹን እያየሁ የሌለውን አነበብኩ። ሌባዋ የጎረቤት ድመት ሆነች፤ ከሳሿም አፍራ ይቅርታ ጠየቀች። ኪሮዳ ዓይናቸውን ከአፌ አልነቀሉም።

«ምን ያቻኩልሻል?»

«ታሪኩ ነው፣ እማማ።»

ሲያልቅ እንባቸውን ጠረጉ። «ዳኛ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ጀልባው ያለ ኒስታሪኒ ሄደ፤ መጽሔቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ይህ በሆነ በአሥራ አንደኛው ዓመት ሻንያል ሞቱ። ካልካታ በጸሐፊነት የሚሠራው ባሌ ታሪኩን በአንድ ጥራዝ ታትሞ ይዞ መጣና «ለመታሰቢያቸው ላንብብላችሁ» አለ። ምን ብዬ ላስቁመው? ያኔ የኪሮዳም ባል ሞተው፣ እሳቸው ራሳቸው ነጭ ከለበሱና ዓሣ ከተዉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ባሌ «በላሁ» የሚለውን አነበበ። ወንዙንም አነበበ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ ሊታጠብ ሄደ። ሦስታችን ቀረን።

ኪሮዳ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። «አንቺ ውሸታም!»

ቀጥለው ወደ ኒስታሪኒ ዞሩ። «በልተሽ ነበር?»

«በልቼ ነበር» አለች ኒስታሪኒ።

ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሁን ብትላክ መንገድ ላይ ነው የምትቀረው።

ኪሮዳ በሩን ገልመጥ አድርገው አዩና ወደ እሷ ተጠጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይጣፍጥ ነበር?» አሏት።

ኒስታሪኒም፦ «ሰናፍጩ በዝቶበት ነበር።»

ኪሮዳ ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው በነጩ ልብሳቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። ለባላቸው እንኳ እንዲህ አላለቀሱም።